ለገና ጮክ ተብሎ የሚነበብ ልብ ወለድ ማን ያውቃል?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 3 ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከደብረ ማርቆስ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጻፍኩት። ለገና ቤተሰብ ሲሰበሰብ ጮክ ተብሎ የሚነበብ፣ አንጀት የሚያርስ ልብ ወለድ ካላችሁ ጠቁሙኝ አልኩ። ጥያቄው ይኸው ነበር። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አደረግኩት። ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተከታተሉት መልሶች፣ ከ40 መልስ በላይ የሄደው በምክንያቱ የተነሳ ይመስለኛል።

ዓምና ለገና ልጆቼን ይዤ ወደ ቢቸና፣ እምዬ ዘንድ ሄድኩ። አያቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ የገና ታሪክ በስልኬ ይዤ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ የእኔንም የወንድሜንም ልጆች መደብ ላይ ሰብስቤ ማንበብ ጀመርኩ። ታሪኩ ሲከፈት በረዶ ይወርዳል። ልጆች እየሳቁ፣ እየጮኹ ወደ ውጭ ይሮጣሉ። እምዬ ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ አማተበች። በረዶ ወረደ ብሎ የሚስቅ ልጅ አይታ አታውቅም። ቀጥላ እህሉ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ በረዶ ማለት ጤፉን የሚደፋ፣ ባቄላውን በእሸቱ የሚወቃ መዓት ነው። ጮቄ ላይ የሚኖር ሰው ውርጭንም ያውቃል፤ ተራራው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ውርጩም ቢሆን ገብስ ሲያቃጥል እንጂ ልጅ ሲያስቅ አልታየም። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ የጠየቁኝ ሁሉ ስለ እህሉ ሆነ። ማንበቡን ተውኩት። ነገሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። እነዚህ ልጆች በራሳቸው በዓል ቀን የሚሰሙት ታሪክ ይገባቸዋል። ስለዚህ ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው፣ 26 ቀን አለኝ፣ እርዱኝ ብዬ ዘጋሁ።

1ኛው መልስ ሌሊቱን ከባሕር ዳር መጣ። እኅት ዓለም ብሎ ነው የጀመረው። ያቀረበልኝ የቻርልስ ዲከንስን የገና መዝሙር ነው። ገንዘብ አምላኩ የሆነ አንድ ሽማግሌ በአንድ የገና ሌሊት ያለፈውን ሕይወቱን፣ የዛሬውንና የሚመጣውን አይቶ ልቡ ሲመለስ የሚያሳይ ታሪክ ነው። መጽሐፉ በፈረንጆች ዲሴምበር 19 ቀን 1843 ወጥቶ፣ 6,000ው ቅጂ ለገና ዋዜማ ማለቁን ጻፈ። ዲከንስ በ12 ዓመቱ፣ አባቱ በዕዳ ሲታሰር፣ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። መላሹ ይህንን የጨመረው ሰውየው ድህነትን ከሩቅ አይቶ እንዳልጻፈው ለማሳየት ነው።

2ኛው ተስማማና ጠቃሚ ነገር አከለበት። መጽሐፉ አምስት ክፍል ስላለው በአምስት ማታ ተከፋፍሎ ይነበባል። ዲከንስ ራሱም እየዞረ ለሕዝብ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር። ለጆሮ የሚመች ነው ማለት ነው። 3ኛዋ፣ የዳንግላዋ፣ ግን ሌላ ነገር ታያት። ሽማግሌውን የሚለውጡት መናፍስት ናቸው። በገና ማታ መናፍስት መጡ ብዬ ካነበብኩ እምዬ ጠበል እንደምታስመጣ አስጠነቀቀችኝ። ሕልም አየ ብዬ እንድለውጠው መከረች። 2ኛው በ4ኛው መልስ ተመልሶ የሰው ድርሰት እንዲህ እንደማይነካካ ኮስተር ብሎ ነገራት። እሷም በ5ኛው፣ አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን የሰሚውን ፊት እያዩ ይለውጡ እንደነበር መለሰችለት። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ለመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ሲሆን አትንኩት። ፊት ለፊትህ አሮጊትና ሕፃን ተቀምጠው ሲሰሙህ ግን ሌላ ነው።

6ኛዋ የፍኖተ ሰላም መምህርት ናት። የኦ ሄንሪን የሰብአ ሰገል ስጦታ አመጣች፤ በፈረንጆች 1905 የወጣ አጭር ታሪክ ነው። ድሆች ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ፀጉሯን ሸጣ ለሰዓቱ ሰንሰለት ትገዛለች። እሱ ደግሞ ሰዓቱን ሸጦ ለፀጉሯ ማበጠሪያ ይዞ ይመጣል። መምህርቷ ይህንን ክፍል ውስጥ አንብባው ልጆቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ ማን ይበልጥ ተጎዳ በሚለው ክርክር ተነሳ። አንድ ልጅ ፀጉር ተመልሶ ያድጋል፣ ሰዓት ግን አያድግም ብሎ ለባልየው ፈረደ። ቤቷ ወስዳ ለእናቷ ስታነብ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሚስትየዋ ፀጉሯን ስትቆረጥ እናቷ ደንግጠው ማን ሞቶባት ነው አሉ። እኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትቆረጠው ለሐዘን ነውና። አሁን መምህርቷ ታሪኩን ከማንበቧ በፊት የሞተ ሰው እንደሌለ ትናገራለች። ይህንን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። የእምዬን በረዶ አስታወሰኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የተለወጠው። 7ኛው ክብሪት የምትሸጠውን ትንሽ ልጅ ታሪክ አቀረበ፤ የዴንማርኩ አንደርሰን በፈረንጆች 1845 የጻፈውን። 8ኛው ታሪኩ የሚሆነው በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንጂ በገና እንዳልሆነ በትሕትና አረመው። ትክክል ነው። 9ኛው ግን ተቆጣ። ሕፃን በብርድ ደርቃ የምትሞትበትን ታሪክ በበዓል ቀን ለሕፃን የሚያነብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው አለ። 7ኛው በ10ኛው መልስ ተመልሶ ልጆች ማልቀስንም መማር እንዳለባቸው፣ በየደጃፉ የሚያድር ልጅ በእኛም ከተማ እንዳለ ጻፈ። ሁለቱ ትንሽ ተካረሩ። ሲካረሩ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

ያበረዱት የሞጣ ሰው ናቸው፤ 11ኛው መልስ። አንቱ ያልኳቸው ጡረታ የወጡ መሆናቸውን ስለነገሩን ነው። ሆድ የሚያባባ ታሪክና አንጀት የሚያርስ ታሪክ ለየቅል ናቸው አሉ። ሆድ የሚያባባው አስለቅሶህ ትቶህ ይሄዳል። አንጀት የሚያርሰው መጀመሪያ ያስርብሃል፣ ከዚያ ያጎርስሃል። እኔ የጠየቅኩት ሁለተኛውን እንደሆነም አስታወሱ። ከዚያ በኋላ የቀረበልኝን ታሪክ ሁሉ በዚህ ሚዛን ነው የመዘንኩት።

ከ12 እስከ 17 ያለው ስለ ቀኑ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው ብዬ ነበር። በዘመነ ዮሐንስ 28 እንደሚውል ነገሩኝ፤ ለምሳሌ በ2016 በ28 ነው የዋለው። 14ኛው ሒሳቡን ደርድሮ አሳየ። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት 275 ቀን ነው፤ ዘጠኝ ወርና አምስቱ የጳጉሜ ቀናት። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን አንድ ቀን እንዳይተርፍ ልደቱ ወደ 28 ይመጣል። ይህንን እስከዛሬ ማንም እንዲህ ግልጽ አድርጎ አልነገረኝም ነበር። ቀሪዎቹ ስለ ፈረንጅ ገና ተጨቃጨቁ፤ ከጉዳያችን አይገባም።

ቀጥሎ የገና ጨዋታው መጣ። የሚመታው ነገር ሩር ነው ወይስ ጥንግ በሚል ብቻ አራት መልስ አለቀ። 21ኛው ግን ከዚያ ውስጥ ወርቅ አወጣ። የሁላችንም አፍ ላይ ያለውን አባባል፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን አነሳና እሱ ራሱ የገና ልብ ወለድ ዘር እንደሆነ ጻፈ። ዓመቱን ሙሉ አቤት ሲል የከረመ ሎሌ በዚያች ቀን ዱላ ይዞ ከጌታው ጋር ሜዳ ይወርዳል። ቅልጥሙን ቢመታው ጌትየው መቆጣት አይችልም። ማግስቱን ሁለቱ እንዴት ይተያያሉ? በረዶ ምን ያደርግልናል፣ ይህንን የሚጽፍ ሰው ነው የጠፋው አለ። እኔም እንደዚሁ አምናለሁ። ያችን የማግስት ጠዋት ማንበብ እፈልጋለሁ።

22ኛው ለጎጃም ሰው ንባብ ከፈረንጅ አይመጣም ብሎ የሀዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ጠራ። በእኛ አቆጣጠር በ1958 የታተመ፣ ታሪኩም እዚሁ የሚካሄድ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሰው ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማው እንደነበርም አስታወሰ። ጮክ ብሎ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለገና ግን እንደማይሆን ሌላው ወዲያው መለሰለት፤ መጨረሻው የት እንደሆነ ስሙ ራሱ ይናገራል።

24ኛው መልስ ክሩን ሊዘጋው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የጌታ ልደት ቀን ስንክሳሩ፣ ተአምረ ማርያሙ እያለ የሰው ፈጠራ ማንበብ ነውር ነው አለ። ልብ ወለድ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መናገር ነው፤ በተቀደሰ ቀን አይገባም። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር፤ እኔንም ስሜን ሳይጠራ ገሥጾኛል። 25ኛው ከዚያ በባሰ መለሰ። ጎጃሜ ሆኖ ልብ ወለድን መናቅ እንደማያምር ጻፈ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን በእኛው አቆጣጠር በ1900 ሮም ላይ ያሳተመው የዘጌው ልጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። መጽሐፉም ልብ ወለድ ታሪክ ይባላል። ማስረጃው ጥሩ ሆኖ ሳለ ሰውየውን አላዋቂ ማለቱ ግን አሳዘነኝ። እንዲያ ባይል ኖሮ እወድለት ነበር። የመድረኩ አስተባባሪም እዚህ ላይ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

27ኛዋ በለሰለሰ ቃል አስታረቀቻቸው። አባቷ ደብረ ኤልያስ ቅኔ የቆጠሩ ናቸው። ጌታ ራሱ ሲያስተምር በምሳሌ እንደነበር አስታወሰች፤ የጠፋው ልጅ አለ፣ ደጉ ሳምራዊ አለ። ሳምራዊው ማን ይባል ነበር፣ አህያውስ ምን ዓይነት ነበር ብሎ የተከራከረ የለም። ሰሙን ይዞ ወርቁን መፈለግ ለጎጃም ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም አለች። 24ኛው ለጊዜው አልመለሰም።

ከዚያ 28ኛው መጣ። ከአማኑኤል ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲያነብ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ወሰደን።

ስድስት ቤተሰብ ናቸው። ለገና ዶሮ ሲሠራ እንቁላሉ በሰው ቁጥር ነው፤ ስድስት ሰው፣ ስድስት እንቁላል። ዶሮዋ 12 ብልት ብትወጣም ልጆች የሚቆጥሩት እንቁላሉን ነው። አንድ ዓመት ከቅዳሴ መልስ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ገበታው እንደቀረበ ከደጅ በእንተ ስማ ለማርያም የሚል ድምፅ ተሰማ። ውሾቹ ተነሱ። የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎ ለብሷል፣ አኩፋዳው ባዶ ነው። ዕድሜው ከቤቱ ትልቅ ልጅ አይበልጥም። ሌላ ቀን ቢሆን ቁራሽ እንጀራ ተሰጥቶት ይሄዳል። እናትየው ግን ዛሬ ገና ነው ብላ አስገባችው። የራሷን እንቁላል አውጥታ ፊቱ አደረገችለት። ልጁ ቶሎ አልበላውም። በሁለት እጁ ይዞ ሙቀቱን ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ በሁለት ጉርሻ ጨረሰው። መርቆ ሄደ። ስሙን የጠየቀው የለም።

በዓመቱ እናትየው ሰባት እንቁላል ቀቀለች። ልጆቹ ቆጠሩና ሰባተኛው የማን እንደሆነ ጠየቁ። የተማሪው ነው አለች። ተማሪው አልመጣም። እንቁላሉ በሳህን ተከድኖ ዋለ፤ ማታ ላይ ላገኘችው መንገደኛ ሰጠችው። በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። አንድ ዓመት ከገበያ የቀረ ነጋዴ በላው፣ አንድ ዓመት የጎረቤት እረኛ። ዶሮ መግዣ የጠፋበት ዓመት ነበር፤ እንቁላሉ በሽሮ ገባ። ያኔም አንድ ትርፍ ነበረች። ተራኪው ያችን እንቁላል ይጠላት ነበር። ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜም የእሱ የምትመስለው እሷ ነበረች።

በ12ኛው ዓመት አዲስ አበባ ሥራ ይዟል። ለገና ዋዜማ ሳያስበው ፈቃድ አገኘ። እመጣለሁ ብሎ አልላከም። ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተበላሸና እዚያው አደሩ። ጠዋት ጥቂት በእግር፣ ጥቂት በጭነት መኪና እያለ ደጀን ወጣ። ቤት ሲደርስ የገና ዕለት ጀንበር ጠልቃለች። ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ ተበትኗል። ምድጃው ጠፍቷል። እናቱ አየችው። ሳትስመው መጀመሪያ ጓዳ ገባች። የተከደነ ሳህን ይዛ ወጣች። በዚያ ዓመት በደጃፉ ያለፈ ሰው አልነበረምና እንቁላሏ እንዳለች ናት። በሁለት እጁ ያዛት። ቀዝቅዛለች። መልሱ እዚህ ላይ አለቀ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። ከዚያ 29ኛው የዳንግላዋ ናት፤ ሌላ ሳትጨምር እናቱን አመሰገነች። 9ኛው፣ ያ የተቆጣው፣ ይህንን ለልጆቹ እንደሚያነብ ጻፈ። 31ኛው ግን አላመነም። መኪና ዓባይ በረሃ ተበላሽቶ ያደረ ሰው በዚያው ቀን አማኑኤል ደርሶ ከዚያ ወዲያ ገጠር እንዴት ይገባል ብሎ ሰዓት ቆጠረበት። ተራኪው በ32ኛው ግልጹን ተናገረ። እናቱና እንቁላሏ እውነት ናቸው፤ መንገዱን የጨመረው እሱ ነው። ለዓመታት ያችን እንቁላል የቀማሁት እኔ ብሆን እያለ ሲያስብ የመጣለት ነው።

33ኛዋ በጣም ተናደደች። ለውሸት አለቀስኩ አለች። አዘንኩላት፤ ዕንባ ውድ ነገር ነው። የፍኖተ ሰላሟ መምህርት ግን ልብ የወለደው ማለት ይኸው አይደለም ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋ እንቁላሉን ለዓመታት ስታስቀምጥ አንድም ቀን ተማሪውን አላየችውም፤ እሷም በልቧ የወለደችውን እንግዳ ነው ስትጠብቅ የኖረችው። 33ኛዋ አልመለሰችም።

24ኛው ተመለሰ። በ35ኛው መልስ ስለ ልብ ወለድ ምንም አላለም። እሱም አኩፋዳ አንግቶ እንደዞረ ጻፈ። ከሁሉ የሚከፋው ረኃቡ ሳይሆን ውሻው ነው፤ ከውሻው ደግሞ የሚከፋው ውሻውን ተይ የሚል ሰው መጥፋቱ። አንዲት ሴት ገና ውሻዋን ስትጠራ ሲሰማ እዚያ ቤት እንጀራ እንደማይጠፋ ያውቅ ነበር። መጨረሻ ላይ ታሪኩ ይነበብ፣ ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ ይሁን አለ። ሐሳቡን ተቀበልኩ።

ከ36 እስከ 40 የዶሮ ዋጋ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ ማን የት ዶሮ እንዳገኘ ነው። የበዓል ሰሞን ነውና አይፈረድም።

እኔ ታሪኩን በደብተር ገለበጥኩት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ደግሞም እምዬ ከወረቀት የሚነበብ ነገር ታከብራለች። ከቅዳሴ መልስ ተፈስኮ፣ ተኝተን ተነስተን፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ አነበብኩት። ልጆቹ ሰባት እንቁላል ሲባል በጣታቸው ቆጠሩ። ትንሹ ልጄ የእኛንም ሊቆጥር ወደ ድስቱ ሄደ። ስለ እህል የጠየቀ አልነበረም። እምዬ እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጀበናውን አስቀመጠችና ስለ ልጅየውም፣ ስለ እናትየውም ሳይሆን ስለ ተማሪው ጠየቀችኝ። ቅኔውን ጨረሰ ወይ? መሪጌታ ሆነ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ?

አላውቅም አልኳት። ማታውን ጥያቄዋን እንዳለ 41ኛ አድርጌ ጻፍኩት። የአማኑኤሉ ሰው በማግስቱ መለሰ። እስከዛሬ አስቦት እንደማያውቅ፣ እናቱ ግን በሕይወት እንዳሉና ቅዳሜ ሄዶ እንደሚጠይቃቸው ጻፈ። ቅዳሜን እየጠበቅን ነው።